ስልሳ አምስት የተባለው ጎራዴ

ስለ ጎራዴ የሚያወራ ሰው ከዝንብ ይበዛል፤ ስለ ጎራዴ የሚያውቅ ግን ሁለት ሰው ነው። አንደኛው አማቴ ናቸው። ሁለተኛውን እንዳልናገር ትሕትናዬ ይይዘኛል።

የቀረው ሕዝብ ጎራዴን የሚያውቀው ግድግዳ ላይ ነው። ወደ ቀጥቃጭ ሥራ ቤታችን ይገባል፣ እጁን ወደ ኋላ ያጣምራል፣ ከስለቱ ጎን ለጎን የተቆፈረችውን ረጅም ቦይ በአገጩ እያመለከተ «ይቺ የደም መውረጃዋ ናት» ይላል። የደም መውረጃ! ደም መንገድ ጠፍቶት ቦይ የሚቀደድለት ይመስል። ቦይዋ የተቆፈረችው ብረቱ ጉልበቱን ሳያጣ እንዲቀል ነው። ፈረሰኛው ቀኑን ሙሉ የሚያወዛውዘው በክንዱ ነው፣ ክንድ ደግሞ ሥጋ ነው እንጂ ክሬን አይደለም። ይህን በዕድሜዬ ለአሥር ሺህ ሰው አስረድቻለሁ። አሥር ሺው «ገባኝ» ብሎ ራሱን ነቅንቆ፣ ገና ከበሩ ሳይርቅ ለሚስቱ «አየሽ፣ ደሙ በዚያ ነው የሚወርደው» ብሏታል።

ከእነዚህም የባሱ አሉ፤ ሞረድ በኪሳቸው ይዘው የሚዞሩት። ሞረዱን ስለቱ ላይ ፈግፈግ ያደርጉና ብረቱ ከተጫረ «ውይ፣ ለስላሳ ነው» ብለው ከንፈራቸውን ይመጥጡልሃል፤ ዘመድ የሞተብህ ይመስል። ለእነሱ ጎራዴ ማለት የማይጫር ነገር ነው። ጠርሙስም እኮ በዋዛ አይጫርም! እስቲ ጠርሙስህን ይዘህ ጦር ሜዳ ውረድ፤ በስንተኛው ምት አንገቱን ብቻ ጨብጠህ እንደምትቀር አብረን እናያለን።

ለነገሩ ጥፋቱ የቃሏም ነው። «ጠንካራ» የምትባለው ቃል ሁለት ባል ያላት ሴት ናት። ድንጋዩን ጠንካራ ትለዋለች፣ ገመዱንም ጠንካራ ትለዋለች። አንዱ አይጫርም፣ አንዱ አይበጠስም፤ ሁለቱም «የእኔ ናት» ይላሉ። ብረት ላይ ግን እነዚህ ሁለቱ አንድ ቤት አያድሩም። በጣም የደረቀ ብረት እንደ ምላጭ ይሳላል፣ ሲመታ ግን ይሰበራል። በጣም የለሰለሰ አይሰበርም፣ ግን ጎብጦ ይቀራል፤ ወታደሩም ጠላቱን ትቶ ጎራዴውን በጉልበቱ ሲያቃና ይገኛል። የጦር ጎራዴ ኑሮው በሁለቱ መሃል ነው። አማቴ «እሺ ብሎ የሚመለስ ብረት» ይሉታል፤ ሲያጎብጡት ይጎብጣል፣ ሲለቁት ይቃናል። በጥንካሬ መለኪያ ማሽን ሲለካ ሞረድ ስልሳ አምስት ገደማ ይመጣል፤ የደህና ቀጥቃጭ የጦር ጎራዴ ግን ሃምሳ አካባቢ ነው። ከዚያ እጅግ በላይ አድርጎ የሚፎክር ካለ ወይ አያውቅም ወይ ይዋሻል።

ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ይህን ሁሉ እያወቅሁ ያደረግሁትን ነው የምነግራችሁ።

አማቴ ሃምሳ ዓመት ሙሉ በወናፍና በመስፍ መሃል ቆመው ያልተናገሩትን እኔ ከቁርስ በፊት ተናግሬ እጨርሳለሁ። ሥራ የተከፋፈልነውም በዚሁ ነው፤ እሳቸው ይቀጠቅጣሉ፣ እኔ አወራለሁ። ሲተርፈኝ እጀታ እገጥማለሁ።

ታዲያ የጦር መሣሪያ ሙዚየሙ በውድድር የሚመረጥ አንድ ጎራዴ ፈለገ። የድሮ ፈረሰኞች ይዋጉበት የነበረ ዓይነት፤ ነባሩን ዝገት ስለጨረሰው ሙዚየሙ በሰጠው ሥዕል መሠረት እንደ አዲስ የሚሠራ። የሙዚየሙ ፈረሰኛ በየሳምንቱ ተመልካች ፊት እያወዛወዘ እንጨት ይቆርጥበታል፤ በቀረው ጊዜ ከሠሪው ስም ጋር በመስታወት ሳጥን ይቀመጣል። አንድ ጎራዴ፣ አንድ ስም።

አማቴ ምንም ነገር ጠይቀውኝ አያውቁም። ያን ቀን ግን መዶሻቸውን አስቀመጡና «ይቺን እኔ ልሥራት» አሉ።

ለምን እንደሆነ ባለቤቴም እኔም እናውቃለን። የዓይን ሐኪሙ «የጠፋው አይመለስም፣ የቀረውም አይቆይም» ብሏቸዋል። አሁን ዓለምን የሚያዩት በቁልፍ ቀዳዳ እንደሚያይ ሰው ነው፤ ያውም ቀለሙ ሁሉ ተደባልቆባቸው። ይቺ ካለፈች ሌላ የለችም።

ከከባድ መኪና ባሌስትራ አወጧት። ሦስት ሳምንት ፈጀባቸው፤ ለሰው ስናገር ሦስት ወር እላለሁ። ከእጀታዋ ሥር ወፈር ብላ ወደ ጫፏ እየሳሳች የምትሄድ፣ ትንሽ ጎበጥ ያለች፣ ስትይዛት ክብደቷ እጅህ ላይ የሚቀመጥ እንጂ ወደ ፊት የማይጎትትህ። ሰው ጎራዴ ሲያይ ስለቱን ያያል፤ የተሠራበት ብልሃት ግን ጀርባው ላይ ነው፣ እንዴት እየሳሳ እንደሚሄድ። አማቴ ይህን በዓይናቸው ሳይሆን በአውራ ጣታቸው ነው የሚለኩት፤ ስለዚህ እዚያ ድረስ ዓይን አላስፈለጋቸውም።

ዓይን ያስፈለጋቸው በመጨረሻው ቀን ነው። የጋለች ብረት ዘይት ውስጥ ተነክራ ስትወጣ እንደ ጠርሙስ ደርቃ ነው የምትወጣው። ያኔ ትወለወልና በዝግታ እንደገና ትሞቃለች። ሙቀቱ ሲገባት ፊቷ ላይ ቀለም ይሄዳል፤ መጀመሪያ ገለባ፣ ቀጥሎ ቡናማ፣ ቀጥሎ ወይን ጠጅ፣ ከዚያ ሰማያዊ። ወይን ጠጁ ላይ ካወጣሃት ገና ደረቅ ናት፣ ትሰበራለች። ሰማያዊው ከጠፋ በኋላ ካቆየሃት ለስልሳለች፣ ጎብጣ ትቀራለች። ትክክለኛዋ ሰዓት አንድ ሰው ከሚያስነጥስበት አትረዝምም።

ከምድጃው በላይ ያለው መስኮት በቆርቆሮ የተደፈነው ለዚህ ነው፤ ይህ ቀለም በፀሐይ አይነበብም። አማቴ በጉጠት ይዘዋት ፍሙ ላይ አጎነበሱ። እኔ ከጎናቸው ቆምኩ።

«ምን ሆነች?» አሉኝ።

እኔ ሰው ሰዓት ሲጠይቀኝ እንኳ ጨምሬ የምናገር ነኝ ይላሉ፣ ምቀኞች። ያን ጊዜ ግን ያየሁትን ብቻ ተናገርኩ።

«ገለባ ናት።» ቆየን። «ቡናማ።» ቆየን። «ወይን ጠጅ ሆነች አባባ።»

«ሁሉም ጋ?»

«ጫፏ ጋ ሁሉም። በእጀታዋ በኩል ገና ነው።»

በእጀታዋ በኩል ወደ ፍሙ ገፋ አደረጓት። «አሁንስ?»

«ይቆዩ። ይቆዩ አባባ... ሰማያዊ። ሙሉ ሰማያዊ ናት። ልትገረጣ ነው፣ አሁን!»

አወጧት። ያላዩትን ቀለም በእኔ አፍ አምነው አወጧት። ከዚያ ሄደው በርሜሉ ላይ ተቀመጡና ላባቸውን ጠረጉ።

አሁን ጄኔራልን ላስተዋውቃችሁ። ጄኔራል የጦር ሠፈር በአጥር ቀዳዳ እንኳ አይቶ አያውቅም፤ ጄኔራል ያሰኘው ባለ ነሐስ ቁልፍ ኮቱ ነው። የሚሸጠው ጎራዴ ለሁለት ነገር ይሆናል፤ ለግድግዳና ለሠርግ ኬክ። ኬኩም ክሬም የበዛበት መሆን አለበት። ይህ ሰው ለሙዚየሙ ሊወዳደር መጣ። የሚያብለጨልጭ ብረት አምጥቶ፣ የመቁረጫ መሣሪያ ወደሚሠራ ፋብሪካ ልኮ እስከ መጨረሻው አስደርቆታል አሉ። ሁለታችን የተገናኘነው የመመዝገቢያው መስኮት ጋ፣ ቅጽ ስንሞላ ነው።

«አንተ የአፍ ቀጥቃጭ» አለኝ፣ «እዚህ ምን ታደርጋለህ?»

«የኬክ ጄኔራል ሲዘምት ልሸኘው ነው።»

«ሳቅ። ስንት ሞልተህ እንደምትመጣ አያለሁ።»

ቅጹን በክርኑ ሸፍኗል፤ ግን ክርኑ ቀጭን ነው፣ ቁጥሩም የጫማ ቁጥር ያህል ገዝፏል። «ጥንካሬ» ከሚለው ፊት ለፊት ስልሳ ሁለት ብሏል። ስልሳ ሁለት! ሳቅ አፈነኝ። በስልሳ ሁለት ጎራዴ የሚዋጋ ሰው ጠላት አያስፈልገውም፤ ራሱ ጎራዴው ይበቃዋል።

ወደ ራሴ ቅጽ ተመለስኩ። ርዝመት፣ ልክ በልክ ሞላሁ። ክብደት፣ ልክ በልክ። «የሠሪው ስም» ይላል። አማቴ ወረቀት አይወዱም፣ ወረቀትም እሳቸውን አይወድም፤ ለጊዜው የራሴን ስም ጻፍኩ። ለጊዜው ነው እንግዲህ። የመጨረሻው «ጥንካሬ» ነው። ሃምሳ ልል ብዕሩን አወረድኩ። ቀና ስል ጄኔራል አንገቱን በትከሻዬ ላይ አስግጎ ይጠብቃል።

በዚህ ሰው ፊት ሃምሳ? የሞረድ ተሸካሚው ሁሉ አለቃ በሆነው በዚህ ሰው ፊት? ለከሰዓት በኋላው ሰፈሩን ሁሉ «የቀጥቃጩ ጎራዴ ከእኔ በአሥራ ሁለት ያንሳል» እያለ ሲዞር ታየኝ። እጄ ደግሞ ወደ ታች መቁጠር አልለመደም። ስልሳ አምስት ብዬ ጻፍኩ፤ ከሥሩም ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት።

ጄኔራል ፊቱ እንደ ቆየ አይብ ሆነ። እኔም ለአማቴ ውለታ የዋልኩ መስሎኝ እያፏጨሁ ቤቴ ገባሁ።

«ምን ብለህ ሞላህ?» አለች ባለቤቴ።

«እንደሚገባ።»

«አንተ ‹እንደሚገባ› ስትል ነው እኔ የምፈራው።»

የሙከራው ቀን ጠዋት ሦስታችንም ሄድን። ባለቤቴ አባቷን ይዛ፣ እኔ ጎራዴዋን በጨርቅ ጠቅልዬ። ቦታው ከሙዚየሙ ጓሮ ያለች የጥገና ክፍል ናት። ረጅም ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ ብረት ጥርቅም አድርጎ የሚይዝ ትልቅ ሞርሳ፣ ወለሉ መሃል ወገብ የሚደርስ ግንድ፣ በግንዱ ዙሪያ የሽቦ መረብ። ጥግ ላይ ማሽኑ፤ ከስፌት መኪና ብዙም አይበልጥም። የአልማዝ ጫፍ አለው። ብረቱን ይጫነዋል፤ ጫፉ ብዙ ካልገባ ቁጥሩ ይበዛል፣ ብዙ ከገባ ያንሳል።

ማሽኑን የያዘችው መሐንዲሷ ናት፤ እርሳሷን ፀጉሯ ውስጥ የሰካች፣ ድምጿን የማታነሳ ልጅ እግር። ገና ሳያት ናቅኳት። ሰው ለመናቅ እኔ ቀጠሮ አልፈልግም። አጠገቧ የሙዚየሙ ፈረሰኛ ፊቱ ላይ የሚያጠልቀውን የሽቦ ጭንብል ይዞ ቆሟል፤ ጎራዴውን የሚይዘው እሱ ነውና።

መሐንዲሷ ሁለቱን ቅጾች አየች፤ ከዚያ እኛን አየችን፤ ከዚያ እንደገና ቅጾቹን።

«የሥዕሉን ጀርባ ያነበበ አለ?»

አማቴ የሥዕሉ ፊት በቅቷቸዋል፤ እኔ ደግሞ ጀርባ አላነብም።

ወረቀቱን ገለበጠችና አነበበችው። «ጥንካሬው ከአርባ አምስት በታች ወይም ከሃምሳ ሁለት በላይ የሆነ ጎራዴ ወደ ምት ሙከራ አይገባም።»

«ይኼማ ስድብ ነው!» አለ ጄኔራል። «ጠንካራ ስላመጣሁ ልቀጣ ነው?»

«ደረቅ ስላመጡ ነው» አለች።

«ይመታ እላለሁ! በራሴ ኃላፊነት!»

አስፈረመችው። ማሽኑ ስልሳ አንድ አለ። ፈረሰኛው ጭንብሉን አጥልቆ፣ ከመረቡ ጀርባ ገብቶ፣ ጎራዴውን በጎኑ ግንዱ ላይ አሳረፈው። «ቃ!» አለ። ብረቱ ብቻውን በረረና መረቡን መትቶ ወለሉ ላይ ወደቀ። ፈረሰኛው እጁ ላይ የቀረው እጀታው ነው። ከእጀታው ውስጥ እንደ አይጥ ጭራ የቀጠነች፣ በብየዳ የተቀጠለች ብረት ብቅ ብላ ታየች። ፈረሰኛው ጭንብሉን አወለቀና «ይኼ እኮ ዓይኔ ውስጥ ነበር የሚገባው» አለ።

እኔ መሳቅ ስጀምር የሙዚየሙ መስኮቶች በሙሉ ተንቀጠቀጡ። «ጄኔራል! አይዞህ፣ ኬኩን በማንኪያ ብላው! እጀታው ለማማሰያ ይሆንሃል! እውነት ስልሳ ሁለት ብሎ ጎራዴ የሚያመጣ ሰው፣ አንተን አልኩህ፣ ለመሆኑ ማን ነው...»

«ቀጣይ» አለች መሐንዲሷ። «ስልሳ አምስት።»

መሳቄን ትቼ ወደ ጠረጴዛው ተጠጋሁ።

«እሱ እንኳ» አልኩ፣ «ስልሳ ሦስት ቢሆን ነው።»

አየችኝ።

«ስልሳ።»

አሁንም አየችኝ።

«ሃምሳ ስምንት በሉት ግዴለም።»

«ገበያ አደረጉት እንዴ?» አለች። «ይኸውልዎ። የጻፉት እውነት ከሆነ፣ ከአሁኑ ስብራት በኋላ በፊርማም ቢሆን ጎራዴው አይለካም፣ አይሞከርም። የጻፉት ሐሰት ከሆነ ደግሞ ሠሪው ስለ ሥራው ዋሽቷልና ከነሥራው ይሰረዛል። የትኛው ነው?»

ካፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። እኔ ደግሞ ከአፌም አላወጣሁት፤ ጽፌ ነው ያሰመርኩበት።

አማቴ እስካሁን ግድግዳው ጋ ወንበር ላይ ነበሩ። «ማነው ስልሳ አምስት ያለው?» አሉ።

«እኔ ነኝ አባባ» አልኩ። ፊታቸውን ወደ ድምፄ አዞሩ።

«ሃምሳ ዓመት ሠርቼ ጠርሙስ ሠሪ አስባልከኝ?»

«አባባ፣ ከፍ ላደርግዎት ብዬ...»

«ከፍ!» አሉ። እንዲህ ያለ ንቀት በሁለት ፊደል ሲነገር ሰምቼ አላውቅም፤ እኔ ራሴ ቢያንስ አንድ ገጽ ያስፈልገኛል። ከዚያ ጉልበታቸውን ይዘው፣ ቀስ ብለው «ያን ቀንስ?» አሉኝ።

«የትኛውን ቀን?»

«ሰማያዊ ናት ያልከኝ ቀን። ስልሳ አምስት የምትል ከሆነ ወይን ጠጁንም ሰማያዊ ብለኸኝ ይሆናል።»

«ሰማያዊ ነበረች አባባ። እውነቴን ነው።»

በዕድሜዬ እውነት ተናግሬ ምስክር ያጣሁት ያን ጊዜ ነው። ባለቤቴን አየኋት፤ እሷ ወለሉን አየች። እሳቸው ከእንግዲህ ጎራዴዋ ብትለካም ባትለካም ግድ የላቸውም፤ አሁን የሚፈልጉት የመጨረሻ ሥራቸውን ቀለም የነገራቸው ሰው ዋሽቶ እንደሆነ ማወቅ ነው። የሚመልስላቸው ደግሞ ማሽኑ ብቻ ነው፤ ማሽኑ እንዳይነካት ደግሞ የእኔ ስልሳ አምስት በሩ ላይ ቆሟል።

ጄኔራል ወደ ጆሮዬ ተጠጋ። ኮቱ የጫማ ቀለም ይሸታል። «ስማኝ ወንድሜ፣ ተወው» አለኝ። «ሰፈር ስንገባ ‹ከመጠን በላይ ጠንካራ ስለሆነ ነው የከለከሉን› እንላለን። ሁለታችንም። ማን ያጣራል? እንዲያውም ስማችን ይገናል።»

ወንድሜ አለኝ! የሚገርመው ነገር አሳቡ መጥፎ አልነበረም። ያው እኔ ነኝ ያሰብኩት የሚመስል አሳብ ነበር፤ ከእኔው አፍ ሊወጣ ትንሽ ሲቀረው እሱ ቀደመኝ። ሰፈሩ ያምናል፤ ያ ሞረድ ተሸካሚ ሁሉ «ኧረ የእናንተስ ብረት!» ብሎ በየመንገዱ ያቆመኛል። የኮቱ ነሐስ ቁልፍ ላይ የአንድ ሰው ፊት ተጨማዶ ይታያል፤ አፉ ከፊቱ የሰፋ። የማን እንደሆነ ለማወቅ ጎንበስ ማለት አላስፈለገኝም። እንዲያ የሚያስጠላ ፊት ከዚያ በፊት አላየሁም።

«መሐንዲስ» አልኩ። «ቅጹን የሞላው ሰው ሠሪው ካልሆነስ?»

«ሠሪው ሌላ ከሆነ ይህ ቅጽ ውድቅ ነው። ሠሪው የራሱን ይሞላል። ግን እዚህ ሠሪ ተብሎ የተጻፈው የእርስዎ ስም ነው።»

«ሠሪው እሳቸው ናቸው።» በጣቴ አሳየሁ። «እኔ አይደለሁም።»

«ታዲያ እርስዎ ምን ሠሩ?»

«እጀታውን።»

ባለቤቴ ጉሮሮዋን ጠረገች። «ቆዳውን የጠቀለልኩት እኔ ነኝ።»

«ከቆዳው በቀር» አልኩ።

«እንጨቱን የቀረጽኩት እኔ ነኝ» አሉ አማቴ ከወንበራቸው። «እንጨቱ ካልተመዘነ ጎራዴው ወደ ፊት ይከብዳል። ለእሱ አይሰጥም።»

መሐንዲሷ እርሳሷን ከፀጉሯ አውጥታ ጠበቀችኝ። ፈረሰኛው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ፤ ትከሻው ግን ይንቀጠቀጣል።

«ምስማር መታሁ» አልኩ።

«ስንት?»

አሥራ ሁለት ልትል የነበረች ምላሴን በጥርሴ ያዝኳት። «ሁለት።»

«እሺ። ‹ሁለት ምስማር› ብዬ እመዘግባለሁ፤ ይፈርሙ።»

ፈረምኩ። ጄኔራል ከት ብሎ ሳቀ፤ ቀደም ብዬ የሳቅሁበትን በሙሉ ከነወለዱ መለሰልኝና ስባሪውን ለቅሞ ወጣ። ይሳቅ። እኔ በራሴ ላይ የያዝኩት ንቀት ከእሱ ሳቅ ይሰፋ ስለነበር ለእሱ ቦታ አልቀረለትም።

መሐንዲሷ አዲስ ቅጽ ይዛ አማቴ ፊት ተንበረከከች። «አባባ፣ ጥንካሬዋን ስንት ልበል?»

«እኔ ማሽን የለኝም ልጄ። ሰማያዊ ናት ተብዬ ነው ያወጣኋት። እሱን ጻፊ።»

«ቦታው ቁጥር ነው የሚፈልገው።»

«እንግዲያው ባዶውን ተዪውና ማሽንሽ ይሙላው።»

ቦታውን ባዶ ትታ አለፈች። ጎራዴዋን ከማሽኑ ሥር አስገባቻት፣ የማሽኑን እጀታ ጎተተች።  ወይን ጠጅ ላይ ወጥታ ከሆነ ከሃምሳ ሁለት ታልፋለች። እኔ ሰማያዊ መሆኗን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ግን ሃያ ዓመት ሙሉ ሁሉን ነገር ሲያሳድግ የኖረ ዓይን ደግሞ ያን ቀን ብቻ አርፎ እንደነበር በምን ልማል? ሦስት ቦታ ለካቻት፤ ጫፏ ጋ፣ መሃሏ ላይ፣ ከእጀታዋ ሥር። ሦስቱንም ጻፈች፤ ደምራ አካፈለች። እኔ በትከሻዋ ላይ አየሁ።

«ስንት አለ?» አሉ አማቴ። የጠየቁት እሷን አልነበረም።

«አርባ ዘጠኝ!» አልኩ።

«ሙሉ?»

እህ። «ግማሽ ይጎድላታል» አልኩ። «አርባ ስምንት ተኩል ናት።»

አማቴ ራሳቸውን ከፍ ዝቅ አደረጉ።  እጃቸውም ጉልበታቸውን ለቀቀ።

የቀረው አጭር ነው። መሐንዲሷ ጫፏን ሞርሳ ውስጥ አስራ፣ ፈረሰኛው እጀታውን ይዞ እንደ ቀስት እስክትጎብጥ ገፋት፤ ሲለቃት ተመልሳ ቀጥ አለች። ጎኗን ሁለት ጊዜ፣ ጀርባዋን አንድ ጊዜ፣ ስለቷን አንድ ጊዜ ግንዱ ላይ አሳረፋት። ግንዱ ተሰነጠቀ ብዬ ላወራ እችል ነበር፤ አልተሰነጠቀም። ፈረሰኛው ጭንብሉን አውልቆ እያገላበጠ አያትና «ይቺን እይዛለሁ» አለ። መሐንዲሷ በመዝገቡ ላይ የአማቴን ስም ጻፈች፤ አማቴም ጣታቸውን ቀለም ነክረው ከጎኑ አሳረፉ።

ስንወጣ ጄኔራል የተሰበረውን ብረት ኮቱ ውስጥ ሸጉጦ በሩ ጋ ይጠብቀናል።

«ስንት አለላችሁ በመጨረሻ?»

አማቴ ክንዴን ይዘው ቆሙ፤ መልሴን የሚጠብቁ ይመስለኛል።

«አርባ ስምንት ተኩል» አልኩት።

«ይኼን ያህል ለስላሳ!» አለና ከንፈሩን መጠጠልኝ። «እኔማ ቢሰበርም ስልሳ አንድ ነው የተሰበረው።»

ለእንዲህ ያለ ሰው የሚሆን መልስ እንደ ጎርፍ ነበር የመጣልኝ፤ አንድ ሳምንት የሚበቃ ስድብ። ዋጥኩት። ጄኔራልን ማስረዳት ጠርሙስን ማጉበጥ ነው።

«ደረጃ አለ?» አሉኝ አማቴ።

«አለ አባባ። ሦስት ነው።»

እግራቸውን ዘረጉና መውረድ ጀመሩ። ሦስት ነበር።